60 ሳንቲሜትር ገንዳ፣ አዲስ አበባ፦ የትኛው ትንሽ የመንጋ ዓሣ ይስማማኛል?

ጀማሪዋ_ሰሚት፦

ሰላም ለቤቱ። 60 በ30 በ36 ሳንቲሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አለኝ። የምፈልገው ተክል የሞላበት፣ ትንንሽ ሰላማዊ ዓሦች በመንጋ የሚዞሩበት አኳሪየም ነው። ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች "4 ኒዮን ቴትራ፣ 4 ጉፒ፣ 3 ታይገር ባርብና 2 ትንንሽ ኤንጅልፊሽ አድርጊበት፤ ዛሬ ውኃ ሞልተሽ ነገ ማስገባት ትችያለሽ" አሉኝ። ነገሩ አላማረኝም።

ሁኔታዬ ይህን ይመስላል፦ ሳሎኑ በክረምት ጠዋት 17 ዲግሪ፣ ከሰዓት 20 ይሆናል። መብራት በየሳምንቱ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የምቀዳው ከሮቶ ነው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር፣ 50 ዋት ሂተርና የኤልኢዲ መብራት አለኝ።

የትኛውን ዓሣ ልግዛ፣ ስንት? መቼ ላስገባው? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሳልጨምር የሚያድግልኝ ተክልስ የትኛው ነው?


ተንሳፋፊ፦

ጥርጣሬሽ ልክ ነው እህቴ። ከዝርዝሩ ታይገር ባርብንና ኤንጅልፊሽን ሰርዢ። ታይገር ባርብ ቁጥሩ ሲያንስ ግልፍተኛ ይሆናል፤ እርስ በርሱ የሚያደርገውን ማሳደድ ወደ ጎረቤት ያዞርና የጉፒውን ጅራት ይቆራርጠዋል። ኤንጅልፊሽ ዛሬ የአንድ ብር ሳንቲም ብታክልም ስታድግ ከላይኛው ክንፏ ጫፍ እስከ ታችኛው 20 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፤ ያኔ ኒዮን ለእሷ ምግብ ነው። ጉፒው ሰላማዊ ነው፣ ግን ወንድና ሴት ከተቀላቀለ በየወሩ ገደማ ስለሚወልድ ገንዳው በጥቂት ወራት ይጨናነቃል።

ገንዳሽ በስም 65 ሊትር ነው። የመስታወቱ ውፍረት፣ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ፣ ድንጋይና እንጨት፣ ከአፉ የሚጎድለው 4 ሳንቲሜትር ሲቀነስ በውስጡ የሚኖረው ውኃ 48 ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒትም ማዳበሪያም የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው። በ65 ብታሰዪው ከሚገባው ሢሶ ያህል አብልጠሽ ትጨምሪያለሽ።

ከአራት ዓይነት ሦስት አራት መግዛት የሚያስጎመጅ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን መንጋ አይሆንም። የመንጋ ዓሣ የሚረጋጋው የራሱ ዘር ሲበዛለት ነው። ሦስት አራት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ጉልበተኛ ሌሎቹን ጥግ ያስይዛል፤ ደካማው መብላት ያቆማል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። 6 ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ከ10 ሲያልፉ ማሳደዱ ለብዙ ስለሚከፋፈል ማንም ላይ አይከፋም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምረጪና ቁጥሩን ከፍ አድርጊው።

የትኛውን ለሚለው፣ ቀለሙን ትተሽ በሙቀት ምረጪ። ካርዲናል ቴትራ የደቡብ አሜሪካዎቹ የሪዮ ኔግሮና የኦሪኖኮ ወንዞች ዓሣ ነው፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ኤምበር ቴትራ 2 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ለገንዳሽ ልኩ ነው፣ ግን እሱም ከ23 በታች አይመቸውም። ሃርለኲን ራስቦራ እንዲሁ። ኒዮን ቴትራ ከእነዚህ ይልቅ ቅዝቃዜ ይችላል፤ ከ21 እስከ 25 ይበቃዋል። የአንቺ ሳሎን ግን 17 ነው።

በእኔ አስተያየት ላንቺ ቤት የተፈጠረው ዋይት ክላውድ ነው። የደቡብ ቻይና የተራራ ጅረት ዓሣ ነው፤ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ያለ ሂተር ይኖራል፣ 4 ሳንቲሜትር ያህል ይደርሳል፣ ማንንም አይነካም። ጎኑ ላይ የሚያበራ መስመር፣ ጅራቱ ላይ ቀይ አለው። ሁልጊዜ በ26 ዲግሪ የሚያኖሩት ሰዎች ናቸው "ቶሎ ይሞታል" የሚሉት። 12 አድርጊ። ይዘላልና ክዳን የግድ ነው፤ የሽቦው መግቢያ ቀዳዳ እንኳ በስፖንጅ ይደፈን።

ዜብራ ዳኒዮም ቅዝቃዜ ይችላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጥ 60 ሳንቲሜትር ያጥረዋል። 80 ወይም 90 ሲኖርሽ አስቢው።

ደግሞ አንድ ነገር እወቂ፦ ዓሦቹ ተጣብቀው አንድ ላይ ሲሄዱ ብታዪ ደስ አይበልሽ። በጣም የሚጠጋጉት ሲፈሩ ነው። የተመቸው መንጋ ዘና ብሎ ይበተናል፤ በር ሲንኳኳ ወይም ጥላ ሲያልፍ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይለቃል።


የድሮ_ሰው፦

ተንሳፋፊ የዓሣውን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ "ነገ ማስገባት ትችያለሽ" ልምጣ። አትችዪም ልጄ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላላ ባክቴሪያ የለም። ዓሣ በስንጥቡና በዓይነ ምድሩ አሞኒያ ያወጣል። አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሁለቱ የፊተኞቹ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬቱን ተክሉ ይበላዋል፣ የቀረውን በውኃ ቅያሬ ታወጪዋለሽ። ይህ ሰንሰለት እስኪመሠረት በሞቀ ውኃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በ18 ዲግሪ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዋይት ክላውድ ልታስገቢም ቢሆን ያችን ሂተር አሁን ተጠቀሚባት፤ ዓሣ በሌለበት ውኃውን የምትችዪውን ያህል፣ ቢቻል 25 እና 26 ድረስ አሙቂው፤ ባክቴሪያው ሲረባ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ።

አሠራሩ ይህ ነው። 0.3 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ በ48 ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ሚሊግራም በሊትር አሞኒያ ይሰጥሻል። የላቦራቶሪ ኬሚካል የሚሸጡ ያውቁታል። እሱ ካልተገኘ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጨምሪና እዚያው ይበስብስ፤ ይሸታል፣ መጠኑንም አታውቂውም፣ ግን ይሠራል። በሁለት ቀን አንዴ በጠብታ መለኪያ ለኪ። አሞኒያው ወጥቶ መውረድ ይጀምራል፣ ከዚያ ናይትራይቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "አሞኒያው ዜሮ ሆነ" ብሎ ይቸኩልና ዓሣውን በናይትራይት ይጨርሳል። ተጠናቀቀ የሚባለው 2 ሚሊግራም በሊትር አሞኒያ ጨምረሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ነው። ያን ጊዜ ግማሹን ውኃ ቀይሪ፤ 5 ዓሣ አስገቢ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ቀሪዎቹን። ከገዛሽ በኋላ በየቀኑ መለካት እንጂ በዓይን "ውኃው ጥርት ብሏል" ማለት አይሠራም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

ከሚሠራ ገንዳ የቆሸሸ ስፖንጅ ያለው ሰው ካገኘሽ አስጨምቀሽ ውሰጂ። ያ ጥቁር ዝቃጭ ለአንቺ ወርቅ ነው፤ ሳምንታት ያሳጥርልሻል። ግን ዓሣ በበሽታ ካለቀበት ገንዳ አይሁን።

ስለ ውኃው። ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያሽንም ይገድላል። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውኃ ክሎሪኑ በከፊል ይወጣል፣ ግን ሮቶው ዛሬ ከሞላ አትመኚው። በባልዲ ቀድተሽ የአየር ድንጋይ ከትተሽበት 24 ሰዓት ካቆየሽው ይለቃል። ፈጣኑ መንገድ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፦ 10 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ አሟሚ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሊትር አዲስ ውኃ 1 ሚሊሊትር። በሳምንት ሩቡን፣ ማለት 12 ሊትር ስትቀይሪ 12 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ጠርሙሱን ከብርሃን አርቂው፤ ሲቆይ ኃይሉን ያጣል። የአዲሱ ውኃ ሙቀት ከገንዳው ከ2 ዲግሪ በላይ አይለይ፤ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ቀላቅለሽ አመጣጥኚ።

ፊልተሩን በቧንቧ ውኃ አትጠቢ። ከገንዳው ባወጣሽው ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቀሽ መልሺው። ነጭ እስኪሆን ማሸት ማለት የተከልሺውን ነቅሎ መጣል ነው።

ሌላው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ አንዳንዱ ሰፈር ደግሞ መስመሩ ሲቀያየር ሁለቱንም ያገኛል። ስለዚህ የጎረቤትሽን ቁጥር አትውሰጂ፤ የራስሽን ጂኤች (የውኃውን አጠቃላይ ጥንካሬ)፣ ኬኤች (ፒኤቹን የሚያረጋጋውን የካርቦኔት መጠን) እና ፒኤች (አሲድነቱን) ለኪ። ኬኤች ከ3 በታች ከሆነ ፒኤችሽ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ፒኤች ከ8 በላይ ከሆነ ደግሞ አሞኒያን ፍሪ፤ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል።


ሥር_እና_ቅጠል፦

የተክሉን ለእኔ ተዉት።

ከታች እንጀምር። የወንዝ አሸዋ ካመጣሽ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነውን ለይተሽ ውኃው እስኪጠራ እጠቢው፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። ከተንፈቀፈቀ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ ጥንካሬውንና ፒኤቹን ከፍ እያደረገ ይኖራል፤ ተዪው። ከፊት 4፣ ከኋላ 6 ሳንቲሜትር አድርጊው። ግንባታ ቦታ ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳው ስለሚበዛ ለባክቴሪያ ጥሩ ቤት ነው፤ በመረብ ከረጢት አድርገሽ ከኋላ በኩል ከአሸዋው ሥር ቅበሪው። ላዩ ላይ ግን አታንጥፊው፤ ጠርዙ ስለታም ነው፣ እንደ ኮሪዶራስ ያለ ታች የሚፈትሽ ዓሣ ጢሙን ይላጫል።

ያለ ጋዝ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖሩ፦ አኑቢያስ ናና፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ፣ ክሪፕቶኮሪን ዌንድቲ፣ ቫሊስኔሪያ፣ ሃይግሮፊላ፣ ሆርንዎርት። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን አግዳሚ ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል፤ በጥጥ ክር እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ እሰሪያቸው። ክሪፕቶኮሪን በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ሟሙቶ ይወድቃል። አትንቀዪው። ሥሩ ሕያው ነው፣ በወር ውስጥ ከአዲሱ ውኃ ጋር የሚስማማ ቅጠል ያወጣል። እያነሳሽ ቦታ ከቀየርሽው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ይሟሟል።

መጀመሪያ ላይ ዋጋ ያላቸው ፈጣኖቹ ናቸው፦ ሆርንዎርትና ሃይግሮፊላ። አሞኒያውን በቀጥታ ይወስዳሉ፤ አልጌም ቦታ ያጣል። ከመሬቱ ቢያንስ ግማሹ በመጀመሪያው ቀን ተክል ይሁን። ሦስት ዘለላ ተክሎ "እስኪበዛ" መጠበቅ አልጌ መጋበዝ ነው። ከኋላ በኩል ረጃጅሞቹን አጥር አድርጊ፣ መሐሉንና ፊቱን ክፈቺ፤ መንጋ የሚዋኝበት ባዶ ቦታም የሚሸሽበት ጥሻም ይፈልጋል።

መብራት 6 ሰዓት፣ ከወር በኋላ 7 ወይም 8። በሜካኒካል ሰዓት ቆጣሪ ካሰርሺው መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጣሪው ይቆማልና ሰዓቱ እየሸሸ ሌሊት ሲያበራ ታገኚዋለሽ። ባትሪ ያለውን ግዢ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይለብሳል፤ የአዲስ ገንዳ ነው፣ ትጠርጊዋለሽ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። አረንጓዴው ግትር ከሆነ ግን መብራቱን ቀንሺ እንጂ ማዳበሪያውን አታቋርጪ፤ ተክሉ ሲራብ ነው አልጌው የሚያሸንፈው። ናይትሬት ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ዓሣው ጥቂት፣ ተክሉ ብዙ ከሆነ ዜሮ ይሆንና የታችኞቹ ቅጠሎች ይገረጣሉ፤ ያኔ ፈሳሽ ማዳበሪያ በግማሽ መጠን በሳምንት አንዴ ጀምሪ። ለክሪፕቶኮሪንና ለቫሊስኔሪያ ሥራቸው አጠገብ የሚቀበር የማዳበሪያ ክኒን አለ። "ፈሳሽ ካርቦን" እያሉ የሚሸጡት ግሉታራልዲሃይድ ቫሊስኔሪያን ያቀልጠዋል፤ ካላስፈለገሽ አታቅርቢው።

ከሐይቅ ዳር ተክል ነቅለሽ አታምጪ። አብሮት የሚመጣው ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ እጅሽንም ውኃው ውስጥ ነው የምትከቺው። የተረፈሽን ተክልም ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትጣዪ፤ አድርቀሽ ከቆሻሻ ጋር። እንቦጭ ጣናን እንዴት እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል፤ እሱም ለአበባው ውበት ተብሎ ነው በየአገሩ የተዘራው።


ጀማሪዋ_ሰሚት፦

ጋሼ የድሮ_ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተንሳፋፊ፣ ሥር_እና_ቅጠል፣ እናንተንም።

ዋይት ክላውድ ፈልጌ ካጣሁ በኒዮን ልጀምር ብዬ ነው፤ ሂተሩ ይበቃል? ደግሞ በእርሾና በስኳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሥራት ቀላል ነው ይላሉ። ተክሉ ቶሎ እንዲያድግ ባደርገውስ? መብራት ሲጠፋ የማደርገውንም አልነገራችሁኝም።


ሞገድ፦

የእርሾውን ነገር ተዪው፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ንጹሕ ውኃ 8.3 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6.2 ያህል ነው። በ20 ዲግሪ 6.8። ውጭ አገር የተጻፈ የዓሣ ቁጥር ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም። ሌሊት ደግሞ ተክሉ ራሱ ኦክስጅን ተጠቃሚ ነው፤ ዝቅተኛው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው። የእርሾ ጠርሙስ ማጥፊያ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያፈላል። ጠዋት ዓሦቹን ከላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲጎርሱ የምታገኚያቸው ለዚህ ነው። ሥር_እና_ቅጠል የዘረዘራቸው ተክሎች ጋዝ አያስፈልጋቸውም።

በዚሁ ምክንያት የስፖንጅ ፊልተሩ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አረፋው የውኃውን ገጽ ያናውጻል፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። ሌሊት "ይጮኻል" ብለሽ አታጥፊው። ፓምፑን ከውኃው ወለል በላይ ስቀዪው፤ ካልሆነ ቱቦው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) አስገቢ። ከገንዳው በታች የተቀመጠ ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ይመለስና ወለሉ ላይም መሰኪያው ላይም ይፈሳል።

ሂተሩ፦ 50 ዋት በ48 ሊትር፣ ክዳን ካለው፣ ከክፍሉ ሙቀት 5 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያደርጋል። ከ17 ወደ 22 በጭንቅ ያወጣዋል፤ እሱም ሳያርፍ ሲሠራ ውሎ እያደረ። ለኒዮን 75 ዋት ግዢና 23 ላይ አድርጊው። 200 ዋት ግን አይሁን፤ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ቢቀር ትልቁ በሰዓታት ውስጥ ይቀቅላቸዋል፣ ትንሹ ለማስተዋል ጊዜ ይሰጥሻል። የሂተሩን ቁጥር አትመኚ፤ በሌላኛው ጫፍ ቴርሞሜትር ይኑርሽ። ውኃ ስትቀይሪ መጀመሪያ ሂተሩን ንቀዪ፣ ከሞላሽ በኋላ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ሰኪው፤ ደርቆ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዘል ስታብላይዘር ብታስገቢ አይከፋም።

መብራት ሲጠፋ በቅደም ተከተል፦ ምግብ አትስጪ። የገንዳውን ሦስት ጎን በብርድ ልብስ ወይም በወፍራም ጋቢ ጠቅልዪ፣ ከላይ ግን አየር ይግባ። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኚ። 1 ዋት የሚበላ ፓምፕ በ10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ ከ20 ሰዓት በላይ ይሄዳል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚወጣው ኃይል ትንሽ ሲሆን "ስልኩ ሞልቷል" ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ቀድመሽ ሞክሪው። ፓምፕ ከሌለ በየሰዓቱ በኩባያ ውኃ እየቀዳሽ ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ መልሰሽ አፍስሺ። ሙቀቱ ስለወረደ ደንግጠሽ የፈላ ውኃ አትጨምሪ፤ ቀስ ብሎ ከ23 ወደ 19 መውረድ ኒዮንን አያጠፋም፣ በድንገት መውጣት ግን ይጎዳዋል።

እንደ ምርጫ ከጠየቅሺኝ ከተንሳፋፊ ጋር ነኝ። መብራት የሚያስጨንቅበት ቤት ውስጥ ሙቀት የማይጠይቅ ዓሣ ማኖር የግማሹን ጣጣ መቁረጥ ነው። የኒዮን ቀለም ያማልላል፣ አልክድም።


አርሊንግተን_ገንዳ፦

ለአዲስ አበባዋ እህታችን አይመለከታትም፣ ግን እዚህ አሜሪካ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ውኃን በባልዲ አቆይቶ ክሎሪን ማስለቀቅ ዲሲና አርሊንግተን ላይ አይሠራም። እዚህ በአብዛኛው ዓመት የሚጨመረው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት) ነው፤ ለቀናት ቢቀመጥም አይለቅም። የድሮ_ሰው የጻፉት ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ይሰብራል፣ አሞኒያው ግን ውኃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ክሎራሚንንም አሞኒያንም ይይዛል የሚል የውኃ ማስተካከያ ፈሳሽ ግዙ። በየጸደዩ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፤ ያን ሰሞን ሽታው ይጠነክራል፣ የውኃ ቅያሬውን አነስ አድርጉ። የቤቱ ማሞቂያ በክረምት 21 ስለሚይዝ ኒዮን እዚህ ቀላል ነው።


ጀማሪዋ_ሰሚት፦

ሞገድ፣ ገብቶኛል፤ እርሾው ቀረ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዓሣውን ስገዛ ምን ልይ? ቤት ሳመጣውስ በቀጥታ ላፍስሰው?


ተንሳፋፊ፦

ሱቅ ገብተሽ ዓሣ ከመምረጥሽ በፊት ገንዳውን ምረጪ። በዚያ ውኃ ውስጥ አንድ የሞተ ካለ፣ ወይም ክንፉን አጣብቆ ጥግ የቆመ ካለ፣ ጤነኛ የሚመስለውንም አትግዢ። ሻጩ ምግብ እንዲጥል ጠይቂው፤ የሚሻማ ዓሣ ይኖራል። ሆዱ የጎበጎበ፣ ጀርባው የተጣመመ፣ ኒዮን ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው መስመር መሐል ላይ ተቆርጦ የገረጣ ካለ ተዪ። ይህ የኒዮን ቴትራ በሽታ የሚባለው ጥገኛ ምልክት ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ የሞተውን ሌሎቹ ሲበሉ ይተላለፋል። አንድ ቀን ብቻ ያደረ ዓሣም አትውሰጂ፤ ከጉዞ የመጣ ቢያንስ ሳምንት ይረፍ።

ከሱቅ ቤት አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ፦ የገንዳውን መብራት አጥፊ፣ ፌስታሉን ሳትፈቺ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፊው፤ ከዚያ ዓሣውን ከነውኃው ባልዲ ውስጥ አድርጊና በቀጭን ቱቦ ከገንዳሽ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጠብታ አንጠባጥቢ። ውኃው ሁለት እጥፍ ሲሆን ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥተሽ አስገቢ፤ የሱቁ ውኃ ገንዳሽ ውስጥ አይግባ። ግን ዓሣው በፌስታል አንድ ቀን የቆየ ከሆነ ማንጠባጠቡን ተዪው። በታሸገው ውኃ ውስጥ አሞኒያም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተጠራቅሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግ አሞኒያው ብዙም አይመርዝም ነበር። ስትከፍቺው ጋዙ ይለቃል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች ውስጥ መርዝ ይሆናል። እንዲህ ላለው ሙቀቱን ብቻ አስተካክለሽ ቶሎ አውጪው።

20 ሊትር የፕላስቲክ ሳጥን፣ ትንሽ ስፖንጅ ፊልተርና የሆርንዎርት ዘለላ ካለሽ አዲስ ዓሣ ሦስት ሳምንት እዚያ ይቆይ። ስፖንጁን ቀድመሽ ዋናው ገንዳ ውስጥ አቆይተሽው ባክቴሪያ ይያዝ። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓሦች ዋናው ገንዳ ራሱ ማቆያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ነው የሚያስፈልገው። ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ብቅ ካለ፣ መድኃኒቱ የሚገድለው ከዓሣው የወረደውንና የሚዋኘውን ጥገኛ እንጂ ቆዳ ውስጥ የተቀበረውን ስላልሆነ ነጠብጣቡ ሲጠፋ አታቋርጪ። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ከሳምንት በታች ያልቃል፤ በ18 ዲግሪ በጣም ይረዝማል፣ ሕክምናውም አብሮት። "እስከ 30 ዲግሪ አሙቂው" የሚለው ምክር ለዋይት ክላውድ አይሆንም፤ ሞገድ ካሰላው ኦክስጅን ጋር ደግሞ ለኒዮንም በዚህ ከፍታ አደገኛ ነው።


የድሮ_ሰው፦

ከምግቡ ላይ አንድ ሁለት ቃል። የእነዚህ ዓሦች ሆድ ከዓይናቸው አይበልጥም። የተፈጨ ፍሌክ ወይም ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነ ጥራጥሬ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ። ወደ ታች ወርዶ አሸዋ ላይ ካረፈ አብዝተሻል። በሳምንት አንድ ቀን ጾም ይዋሉ፤ አይጎዳቸውም። የዳቦም ሆነ የእንጀራ ፍርፋሪ አይሆንም፤ ያብጣል፣ ውኃውንም ያበላሻል። በረዶ የሆነ ዳፍኒያ ወይም አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆኑ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት) ካገኘሽ በሳምንት ሁለቴ ስጫቸው፤ የወንዶቹ ቀለም በዚያ ይደምቃል። ውኃው ከ18 ሲወርድ መፈጨቱ ስለሚዘገይ መጠኑን ቀንሺ።


ቄጠማ፦

ጣልቃ ልግባ፤ ቀይ ቼሪ ሽሪምፕ ከዋይት ክላውድ ጋር ይሄዳል?


ሥር_እና_ቅጠል፦

ይሄዳል። የሙቀት ፍላጎታቸው ተቀራራቢ ነው። ትልልቆቹን አይነኳቸውም፤ አዲስ የተፈለፈሉትን ግን ያገኙትን ያህል ይለቅማሉ፣ ስለዚህ ጡጫ የሚያህል ጃቫ ሞስ ይኑር። ሽሪምፑን ዓሣው ከገባ ወር ሁለት ወር ቆይተህ አስገባ፤ የሚበላው ስስ አልጌ እስኪለብስ ድረስ ነው። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ገብቶ ከነበረ ሽሪምፕ አይታሰብ። ማዳበሪያህ ላይም መዳብ መኖሩን እይ፤ በተጻፈው መጠን ከሆነ ችግር የለውም፣ ችግሩ "ትንሽ ልጨምርለት" ሲባል ነው።